የሦስት ወረዳው ሬዲዮ መልእክት አንባቢ

ተናኘ እንየው ንፋስ መውጫ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት አማርኛ አስተምራለች። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ በፈረቃ፣ በአንድ ክፍል ሰባ ሰማንያ ተማሪ። አብረዋት የተማሩ ሰዎች ድምፅዋ ድሮ ቀጭን ነበር ይላሉ። የጠመኔው ብናኝና ለኋለኛው ወንበር ለመሰማት ስትል የምታደርገው ትግል እያጎረነነው ሄዶ፣ አርባዎቹን ስትጀምር ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ሆነ። በዚህ ድምፅ የተነሣ ነው በሕይወቷ ውስጥ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ሌላ ሥራ የገባው። ዛሬም ገበያ ወርዳ የሽንብራ ዋጋ ስትጠይቅ፣ ፊቷን አይተውት የማያውቁ ሴቶች ዘወር ብለው ያዩዋታል።

ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ ድሮ ለትምህርት በሬዲዮ ተብሎ የተሠራ ባለሦስት ክፍል ቤት ነበር። ማሰራጫው ሸራ ለብሶ ለብዙ ዓመት ተቀምጧል። አንድ የእርዳታ ድርጅት መጣና ጠግነን ለገበሬው እናውለው አለ። ከደብረ ታቦር ዋሲሁን የሚባል ቴክኒሻን ተቀጠረ፤ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ፣ እጁ ከጥገና የማይለይ፣ ቁርሱን ቆሞ የሚበላ ሰው ነው። የጣቢያው የወረቀት ስም ረጅም ስለነበር ማንም አልጠራውም። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ስለሚያዳርስ ሕዝቡ የሦስት ወረዳው ሬዲዮ አለው፤ በዚያው ጸና።

ተናኘን ርእሰ መምህሩ ነው የላካት። የመጀመሪያ ቀን ዋሲሁን ማይክሮፎኑ ፊት አስቀምጦ አንድ ገጽ አስነበባት። አንብባ ስትጨርስ ስቱዲዮውን ከሚከፍለው መስተዋት ማዶ ማዳመጫውን አውልቆ አያት።

"ምነው?" አለችው።

"ምንም። ደግሞ ነገ ጠዋት ነይ።"

"ሰው ይሰማናል ግን?"

"ይሰማል። ኤፍ ኤም ቢሆን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ተራራ ሲያጋጥመው እዚያው ይቀራል። ይኼ መካከለኛ ሞገድ ግን መሬቱን ተከትሎ ገደሉን ይወርዳል፣ ማዶም ይወጣል። ችግሩ ስልክ አይዘውም። የስልክ ሬዲዮ ኤፍ ኤም ብቻ ነው። እኛን የሚሰማን የድሮ ሬዲዮ ያለው ሰው ነው።"

እንደተባለውም ሆነ። ወጣቱ ስለ ጣቢያው ምንም አላወቀም። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግን ከቆጥ ላይ ሬዲዮናቸውን አወረዱ፤ በከተማው ሱቆች ተረስቶ የነበረ የባትሪ ድንጋይ እንደገና ይሸጥ ጀመር። እሑድ እሑድ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም አንድ መሪጌታ እየመጡ ያስተምራሉ። ረቡዕ የግብርና ባለሙያው ስለ ገብስ ዋግ ይናገራል። ሰው የሚጠብቀው ግን የመልእክት ሰዓቱን ነበር። ግንባሩ ቦቃ የሆነ ጥቁር በሬ የጠፋበት፣ ተዝካር የሚያወጣ፣ ለደቦ የሚጠራ፣ ክትባት መቼ እንደሆነ የሚያሳውቅ ሁሉ በወረቀት ጽፎ ወይም አጽፎ ወደ ኮረብታው ይልካል። ተናኘ ታነበዋለች።

ባሏ ደሳለኝ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አንድ ልጇ ህሊና ባሕር ዳር ትማራለች። ቤቷ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው የለም። ቢሆንም ድካሙ ቀላል አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ኮረብታውን ትወጣለች፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ታነባለች፤ እየሮጠች ወርዳ ሰልፍ ላይ ትደርሳለች፤ የከሰዓቱን ፈረቃ ጨርሳ ደግሞ ለማታው ስርጭት ትመለሳለች። ጉልበቷን ያማት ጀመር። ተማሪዎቿ "ቲቸር፣ ድምፅሽ ትናንት ቤታችን ነበር" ሲሏት ፈገግ ትልና ጥቁር ሰሌዳውን ታጠፋለች።

በአምስተኛው ወር ግድም ነው የእስቴው ነገር የመጣው። የአንድ አባወራ ቀብር በማግስቱ እንደሚፈጸም የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት፤ አነበበችው። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጸጉሩን የተላጨ ሰው መጥቶ ከስቱዲዮው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስትወጣ ተነሥቶ እጅ ነሣት።

"ያነበብሽው ያባቴን ነው" አላት።

"ነፍስ ይማር።"

"ይማር። እኅቴ ባሏ ማሳ ውሎ፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሄደው፣ ብቻዋን ነበረች። ከሬዲዮው ነው የሰማችው። ጎረቤት እስኪደርስላት ብቻዋን መሬት ላይ ስትንከባለል ነበር። መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ መምህርት። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁ።"

አልጮኸም፣ አልከሰሰም። ውኃ ሰጡት፤ ጠጥቶ ሄደ። ተናኘ ያን ዕለት ከሰዓት ማስተማር አቃታት። በማግስቱ በግማሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው፤ የሞተ ሰው ስም የሚነበበው ለቤተ ዘመዱ መርዶ ከተነገረ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህንንም የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ በፊርማው ወይም በጣት አሻራው ያረጋግጣል።

"ሥራ አበዛሽ" አላት ዋሲሁን።

"ይብዛ።"

ከዚያ ወዲያ በዚያ ሬዲዮ ሳቢያ ብቻውን መርዶ የሰማ ሰው የለም። ተናኘ በዚህ ደንብ ትኮራ ነበር። ሌላ ደንብ ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም።

በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ጦርነት ተነሣ። ስልኩ ይጠፋ ጀመር፤ አንዳንዴ ለቀን፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። የጋይንትና የስማዳ ወጣት በየዓመቱ ክረምቱ ሲያልቅ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ይወርዳል። ያን ዓመትም ወርዶ ነበር። አሁን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልክም ሲጠፋ፣ እናቶች ኮረብታውን ይወጡ ጀመር። የሚያስነብቡት ወረቀት ይዘው አልነበረም። መጥተው ደጁ ላይ ተቀምጠው "ከወደዚያ የመጣ ነገር አለ?" ይላሉ። የለም ሲባሉ ትንሽ አረፍ ብለው ይወርዳሉ።

በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተ። ጓዴ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ከመተማ በኩል መጣና አንድ የላስቲክ ከረጢት ለዋሲሁን ሰጠው። ውስጡ አርባ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ከደብተር የተገነጠለ፣ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ፣ ከሰሊጥ ጆንያ ምልክት ጀርባ ላይ የተጻፈ። የቀን ሠራተኞቹ ለቤተሰቦቻቸው የላኩት ነው። ተናኘ አንዱን አወጣች፣ ሌላውንም አወጣች። ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ። አታስቡ። ደኅና ነኝ።

ማክሰኞ ኅዳር ዘጠኝ ማታ ሁሉንም አነበበችው። ዋሲሁን ሌላውን ዝግጅት ሰርዞ ሰዓቱን ሁሉ ለእርሷ ተወላት። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይል ነበር፤ "ስማዳ ለምትገኘው ለእናቴ ለካሣነሽ። ደኅና ነኝ። ሥራው ደኅና ነው። ለገና እመጣለሁ። በሬውን እንዳትሸጪው። ልጅሽ ባዩ።" ተናኘ በሬውን የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ፈካ ብሎ ነበር። ያን ማታ ኮረብታውን ስትወርድ ጉልበቷ አላመማትም። ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ቀለል ብሏት አያውቅም ነበር፤ ያ ቅለት በኋላ አሳፍሯታል።

በማግስቱ ከሰዓት ሦስት ሰዎች ወደ ጣቢያው መጡ። አንደኛው ስድሳ ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ከፍያለው ይባላል፤ የካሣነሽ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለተኛው ጎረቤቱ ነው። ሦስተኛው ፊቱ የገረጣ ጎልማሳ፣ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ከስማዳ እስከ አርብ ገበያ ከተማ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት። ከፍያለው ከመቀመጡ በፊት ጠየቀ።

"ትናንት ማታ ያነበብሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ እኅት?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ። ምን ልታዘዝ?"

"የባዩን ያነበብሽውን ወረቀት እንድታሳዪኝ ነው። ይህ ባንተአምላክ ይባላል።" ወደ ጎልማሳው አመለከተ። "ከባዩ ጋር አንድ ዳስ ነበሩ። በጥቅምት አሥራ ሁለት ባዩ በወባ ሞተ ብሎ ነገረኝ። በገዛ እጄ ቀበርሁት አለኝ። ከመጣ አራት ቀኑ ነው። እኛም እሑድ ጎሕ ሲቀድ መርዶውን ልንነግር ተሰናድተን ነበር። ትናንት አንቺ ደኅና ነው አልሽ።"

 ባንተአምላክ ፎጣውን ፈታ። ውስጡ አንድ ማጭድ፣ የመስቀል ማተብና የታጠፈ ሸሚዝ ነበር።

"የሱ ነው" አለ ባንተአምላክ። "እኔ አልዋሸሁም።"

"ውሸታም ያለህ የለም፣ ልጄ" አለው ከፍያለው። "ሬዲዮ ግን ዝም ብሎ አያወራም። ካሣነሽ ሌሊቱን አልተኛችም፤ ጎሕ ሳይቀድ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ነገረች። ለገና ብላ ብቅል ዘፍዝፋለች። የቱን እንመን?"

ተናኘ ወረቀቱን ከከረጢቱ ፈልጋ አወጣችው። ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ነው። ገለበጠችው። ቀን የለውም። ሌላ አወጣች፤ እርሱም የለውም። እያንዳንዱን አገላበጠች፤ ቀን የተጻፈበት አንድም አልነበረም።

ለሽማግሌዎቹ ሻይ እንዲያመጣላቸው ዋሲሁንን ጠይቃ ወደ መኪና መናኸሪያው ወረደች። ጓዴን ጎሚስታ ቤት አገኘችው፤ ጎማ እያስለጠፈ ነበር።

"ወረቀቶቹን መቼ ነው የሰጡህ?" አለችው።

"የመተማዎቹን? መስከረም ነዋ። ከመስቀል በፊት።"

"መስከረም?"

"እዚያው ጎንደር ስደርስ መንገድ ተዘጋብኝ። ሃምሳ ቀን ነው የተቀመጥሁት። ከረጢቱ ከወንበሩ ሥር ነበር፤ አንድም አልጎደለ።" ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር የተናገረ መሰለው።

"ለምን አልነገርኸንም?"

ጓዴ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አያት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። "አልጠየቃችሁኝማ" አለ።

ወደ ኮረብታው ስትመለስ ሦስት ጊዜ አርፋለች። ለሞት ደንብ አውጥታ ነበር። ሰው ደኅና ነው ለማለት ግን ወረቀት በቂ መስሏት፣ ከማን እጅ፣ መቼ ብላ አልጠየቀችም። ደረሰችና እውነቱን ለከፍያለው ነገረችው። ሽማግሌው ማጭዱን በእጁ ዳሰሰ።

"እንግዲህ ሞቷል" አለ። "ሁለት ጊዜ ሞተብኝ።" ከዚያም፣ "ካሣነሽ ግን አሁን እኔን አታምነኝም። ማንንም አታምን። ያመነችው አንቺን ነው። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

ዋሲሁን ወደ ጎን ጠራት። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"ዛሬ ማታ መታረም አለበት" አላት። "አርባ አንድ ቤት ነው። ሁሉም ሰው ልጁ ትናንት ደኅና የነበረ መስሎት ነው ያለ።"

"ዛሬ ማታ ከተነበበ ካሣነሽም ትሰማዋለች። ብቻዋን።"

"አርባው እናትስ?"

ተናኘ መስተዋቱ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አየች፤ ጥግ ጥጉ ተላጧል። የትኛውም ትክክል አልነበረም። "እስክመለስ ጠብቀኝ" አለችው። ዋሲሁን እርሷ እስክትመለስ ድረስ በመልእክት ሰዓት የክራር ሙዚቃ ብቻ አሰማ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቃ፣ ከሦስቱ ሰዎች ጋር በሚኒባስ አርብ ገበያ ደረሰች። ከዚያ ስማዳ ማዶ ድረስ በእግር ነው፤ ወንዙን ወርዶ ገደሉን መውጣት። ከፍያለው በዕድሜው ሁሉ የሄደበት መንገድ ስለሆነ ሳያርፍ ይሄዳል። ተናኘ ከኋላ ነበረች። ባንተአምላክ ፎጣውን እንደታቀፈ፣ አንዳንዴ ቆም እያለ ይጠብቃት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

"ሲሞት ከኔ በስተቀር ማንም አልነበረም" አለ። "ሬዲዮው ሲናገር ግን እኔም ተሳስቼ ይሆን ብዬ ነበር። በእጄ አፈር አልብሼው።"

መሽቶባቸው ከፍያለው ቤት አደሩ። እሑድን መጠበቅ አልተቻለም፤ ብቅሉ እየደረሰ፣ ሰውም እያወቀ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ስምንት ያህል ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው ወደ ካሣነሽ ግቢ ሄዱ።  ካሣነሽ ቀድማቸው ተነሥታ ኖሮ፣ ደጅ ላይ በጉሎ ቅጠል የሸፈነችውን ብቅል ገልጣ ታይ ነበር። ቀጠን ያለች፣ ስድሳ ያልደረሰች ሴት ናት። ሰዎቹን ስታይ ቀና አለች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ፊቷ ተለወጠ፤ ሆኖም አልጮኸችም።

"ባዩስ ደኅና ነው" አለች። "ማነው? የማንን ልትነግሩኝ ነው?"

ከፍያለው ወደ ተናኘ ዘወር አለ።  ተናኘ ከኋላ ወጥታ ቀረበች።

"እትዬ ካሣነሽ፣ እንዴት አደሩ።"

ካሣነሽ ፊቷን አላወቀችውም፤ ድምፅዋን ግን ወዲያው አወቀችው። እጇ ላይ የነበረው የጉሎ ቅጠል ወደቀ።

"አንቺ ነሽ" አለች። "የሬዲዮዋ።"

"አዎ። ማክሰኞ ያነበብሁት ወረቀት የቆየ ነበር። በመስከረም የተጻፈ ነው። መቼ እንደተጻፈ ሳልጠይቅ አነበብሁት።"

"አሁንስ?"

ተናኘ ይህን ቃል ለማውጣት የወሰደባት ጊዜ እስከ ዛሬ ይሰማታል። "አሁን የለም" አለች። "በጥቅምት ዐርፏል።"

የሆነው ሁሉ ከዚያ ሆነ። ሴቶቹ ካሣነሽን ያዟት፤ ጩኸቱ ገደሉን ተሻግሮ ከማዶ መንደር ሰው ይጎርፍ ጀመር። ተናኘ ከሐዘንተኛው ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ ዋለች። ማንም አልወቀሳት፣ ማንም አላጽናናት። ወደ ከሰዓት፣ ሰው ሲረጋጋ፣ ካሣነሽ አስጠራቻት። ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የምትናገር።

"ወረቀቱን ይዘሽዋል?"

"ይዤዋለሁ።"

"አንብቢልኝ።"

ተናኘ አነበበች። ያችው ጥቂት መስመር ናት። በሬውን እንዳትሸጪው የሚለው ጋ ስትደርስ ካሣነሽ ራሷን ነቀነቀች።

"አልሸጥሁትም" አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ተናኘን ትክ ብላ አየቻት። "አልረግምሽም። ክፉ ልትሠሪብኝ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። ግን ባታነቢው ይሻለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ ካሣነሽ።"

"እንግዲህ ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።"

ቅዳሜ ማታ ተናኘ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ማክሰኞ ያነበበቻቸው መልእክቶች ሁሉ በመስከረም የተጻፉ መሆናቸውን፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው ነገር ጣቢያው ምንም እንደማያውቅ ተናገረች። ይቅርታ ጠየቀች። ንግግሩ ሁለት ደቂቃም አልሞላ። እናቶቹ ተመልሰው ኮረብታውን ወጡ። "ታዲያ አሁንስ?" ይሏታል። "አላውቅም" ትላለች። ይህን ቃል በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳለችው አልቆጠረችውም። ከአርባው መካከል አብዛኞቹ እስከ ጥምቀት ድረስ አንድ በአንድ ገቡ። ሦስቱ አልመጡም።

ከዚያ ወዲህ መልእክት ሁሉ ከቀኑ ጋር ይነበብ ጀመር። የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን የተጻፈ፤ በሾፌር እጅ የመጣ እየተባለ። የሰሚው ጆሮ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ደኅና ነኝ የሚለውን ሰምቶ ደስ ከማለት ይልቅ ቀን ያሰላ ነበር። ወረቀቱም እያነሰ ሄደ። ዋሲሁን አንድ ቀን "እውነቱን ስንናገር ሰው ተወን" አላት፤ ለመውቀስ ሳይሆን ደክሞት ነው። እርሷም "ተወን ሳይሆን ደከመው" አለችው። በዚያ ዓመት ያልደከመው ሰው አልነበረም።

ጣቢያው የሞተው ግን በዚህ አይደለም። የእርዳታ ድርጅቱ ዘመኑን ጨርሶ ወጣ። መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ የሚሆን ናፍጣ ከከተማው ታጣ። ከማሰራጫው አንድ ዕቃ ተቃጠለ፤ ዋሲሁን ከሌላ አሮጌ መሣሪያ ነቅሎ ለሁለት ወር አስኬደው። በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ተናኘ ስለጠፋች አንዲት ዳለቻ አህያ እያነበበች ነበር። "የጠፋችበት ቦታ" አለችና የስርጭቱ ቀይ መብራት ጠፋ። ዋሲሁን ማሰራጫው ወዳለበት ክፍል ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ተከትሎት መጣ። ራሱን ነቀነቀ። ስንብት እንኳ አልተነገረም። ለብዙ ሳምንት ገበያ ላይ ሰዎች እየቀረቡ "ያቺ አህያ የት ነበር የጠፋች?" ይሏት ነበር፤ እርሷም ትነግራቸው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ እስከ ከተማዋ ድረስ መጣ። ተናኘ እስቴ ያለችው ዘመዷ ዘንድ ሰነበተች። ስትመለስ የጣቢያው በር ተገንጥሎ፣ ውስጡ ባዶ ነበር። ማን እንደወሰደው አልታወቀም፤ የጠየቀም የለም። ዋሲሁን ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ቤቱ አሁን የማዳበሪያ መጋዘን ነው።

ተናኘ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያስተማረችው ግን በተቆራረጠ ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ለባዩ ሙት ዓመት ከፍያለው በሰው ልኮባት ወደ ስማዳ ሄዳለች። ካሣነሽ ተቀብላ አስቀመጠቻት፣ አብልታ አጠጥታ ሸኘቻት። ስለ ሬዲዮ አልተነሣም። ጎረቤት ያለ ሰው ሁሉ ተናኘ ስትናገር ጸጥ ይል ስለነበር ብዙ አልተናገረችም።

አምና ድምፅዋ ጭራሽ ሲዘጋባት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ሜሮን የምትባል ጤና መኮንን፣ የቀድሞ ተማሪዋ፣ ወደ ጉሮሮዋ በባትሪ አየች።

"ቲቸር፣ ደብረ ታቦር ሄደሽ መታየት አለብሽ። እስከዚያ ማውራት መቀነስ ነው።"

"በሁለት ፈረቃ አስተምሬ?"

ሜሮን የሚጉመጠመጥ መድኃኒት ጻፈችላት።

ዘንድሮ በጥር፣ ስልክ በመጣበት ሰሞን፣ ዋሲሁን ከባሕር ዳር ደወለ። አዲስ ኤፍ ኤም ሊከፈት ነው፤ ለመልእክት ሰዓት ድምፅዋን ይፈልጋሉ፤ ቤትም ይፈለግላታል፤ ህሊናም እዚያው ናት።

"አልችልም፣ ዋሲሁን" አለችው።

"ለምን? እንዳንቺ ያለ አንባቢ የለም።"

"ድምፄ አልቋል። ቢኖርም..." ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። "ደኅና ነው ብዬ ማንበብ አልችልም። ቃሉ አይወጣልኝም።"

ዋሲሁን አልጎተጎታትም። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፣ ስለ እርሱ ልጅ ነገራት፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስልኩ በመካከል ተቋረጠ። መልሳ ብትሞክር አልሠራም። ተናኘ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ያልታረመ የስምንተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስድሳ ስምንት ነው። መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያውን ሳበች።